የላብራቶሪ ወረቀትና የስልክ መዝገብ አልስማማ ሲሉ፦ ሁለቱን በአንድ ገጽ የማገናኘት መመሪያ

ፋርማሲ ውስጥ ስለምሠራ ይህን ጥያቄ በየሳምንቱ እሰማዋለሁ። አንዱ ወረቀት በግራ፣ ስልክ በቀኝ ይዞ መስኮቱ ጋ ይቆምና «ላብራቶሪው ስኳርህ ከፍ ብሏል ይላል፣ የቤት መለኪያዬ ደግሞ ደህና ነህ ይላል፤ የቱን ልመን?» ይለኛል። አሁን አሁን ሦስተኛ ወረቀት ተጨምሯል፤ ውጭ አገር ያሉ ልጆች ያስመረመሩት የዘረመል ሪፖርት። ሰልፍ እየጠበቀ ይህን ሁሉ ማስረዳት ስለማይቻል ጽፌዋለሁ።

መልሱ፣ ሁለቱንም ማመን ይቻላል ነው፤ የሚናገሩት ግን ስለተለያየ ነገር ነው። የሦስት ወር ስኳር የምንለው ምርመራ (ኤችቢኤዋንሲ) ስኳር ከቀይ የደም ሴል ሄሞግሎቢን ጋር ምን ያህል እንደተጣበቀ ይለካል። ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ያህል ስለሚኖር ውጤቱ ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት ይነግራችኋል፤ በየትኛው ሰዓት እንደጨመረ ግን አይነግራችሁም። ሰዓቱን የሚያውቀው የቤት መለኪያው ነው። የዘረመል ሪፖርቱ ደግሞ ስለ ዛሬ ስኳራችሁ ምንም አያውቅም፤ ሰውነታችሁ አንዳንድ መድኃኒቶችን በምን ፍጥነት እንደሚያብላላ ነው የሚጠቁመው።

መመሪያው የተጻፈው ዓይነት ሁለት ስኳር ወይም ደም ግፊት ኖሯቸው በመደበኛ ክትትል ላይ ላሉ አዋቂዎች ነው። ነፍሰ ጡሮችና ልጆች የተለየ ክትትል ስለሚያስፈልጋቸው በዚህ አይመሩ።

መጀመሪያ ማስጠንቀቂያው

- ከዚህ መዝገብ ተነስታችሁ መድኃኒት አትጨምሩ፣ አትቀንሱ፣ አታቋርጡ። መዝገቡ ለሐኪሙ ነው።
- ስኳር ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ መመዝገቡ ይቆይ። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ (ከስኳር ነፃ የሆነው አይሠራም) ጠጡ፤ 15 ደቂቃ ጠብቃችሁ እንደገና ለኩ፤ ካልወጣ ድገሙት። ከ54 በታች ከወረደ ወይም ሰውየው ግራ ከተጋባ አደገኛ ነው። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አታድርጉ፤ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።
- ግፊት 180 በ120 ደርሶ የደረት ሕመም፣ የአንድ ጎን መዛል ወይም የንግግር መተሳሰር ካለ አንድም ደቂቃ ሳትቆዩ ሂዱ። ስኳር ከ300 በላይ ሆኖ ማስመለስና ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ከተጨመረበትም እንደዚያው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ያለፈው ዓመት የላብራቶሪ ወረቀቶች፦ የሦስት ወር ስኳር፣ ክሬቲኒን (የኩላሊት ምርመራው)፣ ሄሞግሎቢን (የደም ማነስ ምርመራው)፣ ኮሌስትሮል
- የስኳር መለኪያ፣ 50 ስትሪፕ ያለው አንድ ፓኮ፣ መውጊያ
- ክንድ ላይ የሚታሰር የግፊት መለኪያ (የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው ለአያያዝ ስህተት የተጋለጠ ስለሆነ አልመርጠውም)
- ደብተር ወይም ኤክሴል። ደብተር አትናቁ፤ ባትሪው አያልቅም
- የምትወስዱት መድኃኒት ሁሉ ዝርዝር፤ የባህል መድኃኒትና ከጎረቤት የተዋሳችሁት የሕመም ማስታገሻ ጭምር
- ካላችሁ ስማርት ሰዓትና የዘረመል ሪፖርት። ከሌላችሁ ለዚህ ብላችሁ አትግዙ

ደረጃ 1፦ አንድ ጥያቄ ምረጡ

በገጹ አናት ላይ አንድ ጥያቄ ጻፉ። «የሦስት ወሩ ስኳር ለምን አልወርድ አለ?» ወይም «ይህ የግፊት መድኃኒት እየሠራልኝ ነው?» ዓይነት። ጥያቄ ሳይኖር የተሰበሰበ ቁጥር ማንም አያነበውም። የሁለት ዓመት የእርምጃ ብዛት አትሞ የመጣ ደንበኛ አለኝ፤ ሐኪሙ አንድም ገጽ አልገለጠለትም፤ እኔም ብሆን አልገልጥለትም ነበር።

ደረጃ 2፦ ወረቀቶቹን አጣሩ

በእያንዳንዱ የላብራቶሪ ወረቀት ላይ ሦስት ነገር አረጋግጡ።

ስም። ስማችን በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ በየቦታው ይለያያል፤ ጸጋዬ በአንዱ ቤት በአንድ ሆሄ፣ በሌላው ቤት በሌላ ይጀምራል። ስም ከነአባትና አያት፣ ዕድሜና ጾታ ካልገጠሙ ወረቀቱ የእናንተ መሆኑን ላብራቶሪውን ጠይቁ። የሰው ውጤት ይዞ መድኃኒት ማስቀየር ቀልድ አይደለም።

ቀን። 11/03 ተብሎ የተጻፈው አሜሪካ ኖቬምበር 3፣ አውሮፓ ማርች 11 ነው፤ ማርች 11 ደግሞ እኛ ዘንድ መጋቢት 2 ነው። በአንዱ አቆጣጠር ወስኑና ሁሉንም ወደዚያ መልሱ።

መለኪያ። ይህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ ልዘግይበት። አንዲት እናት ልጃቸው ከለንደን የላከችላቸውን መለኪያ ይዘው መጡ። «ላብራቶሪው 7.8 ብሎኝ ነበር፤ ይኸው ዛሬም 7.8፤ ይህን ሁሉ ወር በከንቱ ነው የደከምኩት» አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ወረቀቱን ሳየው 7.8 ከመቶ ነው፤ የሦስት ወር ስኳር። የለንደኑ መለኪያ ያሳየው ደግሞ 7.8 ሚሊሞል በሊትር ነው፤ የዚያች ደቂቃ ስኳር። በ18 ስናባዛው 140 ሚሊግራም በዴሲሊትር ገደማ ይሆናል። የላብራቶሪው 7.8 ከመቶ ግን 177 ከሚሆን አማካይ ስኳር ጋር የሚሄድ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች በመልክ ከመመሳሰል በቀር ዝምድና የላቸውም።

ስለዚህ ከቁጥሩ አጠገብ መለኪያውን ሁልጊዜ ጻፉ። ሚሊሞልን ወደ ሚሊግራም ለመቀየር በ18 አባዙ። የእንግሊዝ ላብራቶሪዎች የሦስት ወሩንም በመቶኛ አይጽፉትም፤ እነሱ 53 ያሉት እኛ 7 ከመቶ የምንለው ነው፣ 48 ያሉት ደግሞ 6.5።

ደረጃ 3፦ ሰዓቱን አንድ አድርጉ

ስልኩና ስማርት ሰዓቱ በፈረንጅ ይቆጥራሉ፤ እናንተ ደብተር ላይ በአበሻ ትጽፋላችሁ። ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ነው፤ ስድስት ሰዓት ደግሞ እራትን ወደ እኩለ ሌሊት ይወስዳል።

ራሴ ወድቄበታለሁ። አንድ ታካሚ በደብተሩ «2 ሰዓት፣ 231» ብሎ የጻፈውን እኔ ሠንጠረዡ ላይ ሌሊት 2 ሰዓት በፈረንጅ አድርጌ አስገባሁት። ሌሊት ስኳሩ የሚያሻቅብ መሰለ። ለሐኪሙ ልልከው ስል ሰውየው አየት አድርጎ «በዚያ ሰዓት እኔ ተኝቻለሁ እኮ» አለኝ። ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ እራት ከበላ በኋላ ነበር የለካው። የሌሊት ኢንሱሊን ቢጨመርለት ኖሮ ጠዋት አይነቃም ነበር ብዬ እስካሁን እፈራለሁ።

ስለዚህ ወይ ሁሉንም በፈረንጅ ጻፉ፣ ወይ ቁጥሩን ትታችሁ «ቁርስ በፊት»፣ «እራት በኋላ» በሉ። ለእኔ ሁለተኛው ይሻላል፤ ሐኪሙም የሚፈልገው እሱን ነው።

ደረጃ 4፦ መለኪያውን ፈትኑ

ላብራቶሪ ደም ልትሰጡ ስትሄዱ መለኪያውን ይዛችሁ ሂዱ። በባዶ ሆድ ከደም ሥር እንደተቀዳላችሁ ወዲያው ጣታችሁን ወግታችሁ ለኩና ቁጥሩን ጻፉ። የላብራቶሪው ውጤት 100 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የመለኪያው ልዩነት እስከ 15 ከመቶ፣ ከ100 በታች ከሆነ እስከ 15 ሚሊግራም ድረስ የተለመደ ነው። ላብራቶሪው 160 ብሎ መለኪያችሁ 148 ቢል አትጨነቁ። 105 ቢል ግን መለኪያው ወይም ስትሪፑ ችግር አለበት፤ በዚያ መለኪያ 14 ቀን መመዝገብ ድካም ብቻ ነው።

ከመውጋታችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡና አድርቁ። ማንጎ ወይም ብርቱካን የነካ ጣት ስኳሩን ያስዋሻል። ስትሪፑን ከብልቃጡ አውጥታችሁ በሌላ ዕቃ አታስቀምጡ፤ እርጥበትና ሙቀት ያበላሸዋል።

ደረጃ 5፦ ለ14 ቀን መዝግቡ

ስትሪፕ ውድ ነው፤ ስለዚህ በቀን ሁለት ብቻ። 28 ይበቃችኋል፣ ከፓኮው 22 ይተርፋችኋል። አንዱን ከምግብ በፊት፣ ሌላውን ከዚያው ምግብ የመጀመሪያ ጉርሻ ሁለት ሰዓት በኋላ። አንድ ቀን ቁርስን፣ በማግስቱ ምሳን፣ በሦስተኛው ቀን እራትን እያዟዟራችሁ። ጥንድ አድርጎ መለካት የሚጠቅመው ምግቡ ራሱ ምን ያህል እንደጨመረ ስለሚያሳይ ነው፤ ብቻውን የቆመ 190 ግን ከምግቡ ይምጣ ከምግቡ በፊት የነበረ ይሁን አይታወቅም።

ከቁጥሩ አጠገብ አጭር ማስታወሻ፦ ምን በላችሁ (አንድ እንጀራ በሽሮ፣ ፓስታ)፣ መድኃኒቱን ወሰዳችሁ ወይስ ረሳችሁ፣ ታማችሁ ነበር ወይ፣ ጾም ነው ወይስ ፍስክ።

ጾሙን አደራ። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ጠዋት ግሊቤንክላማይድ (የስኳር መድኃኒት ነው) ከዋጠ ከቀትር በኋላ ስኳሩ ሊወርድ ይችላል፤ መዝገቡ ላይ «ጾም» የሚል ቃል ከሌለ ሐኪሙ ምክንያቱን አያገኘውም። በረመዳንም ጉዳዩ ያው ነው፤ የሚለየው ሰዓቱ ብቻ ነው። እንዲያውም ከጾሙ በፊት ሄዳችሁ የመድኃኒቱን ሰዓት አስወስኑ።

ለግፊት ሰባት ቀን በቂ ነው። ጠዋት መድኃኒት ከመዋጣችሁ በፊትና ማታ፣ አምስት ደቂቃ ጀርባችሁን ተደግፋችሁ ከተቀመጣችሁ በኋላ፣ እግር ሳታጣምሩ፣ ክንዳችሁ በልብ ትክክል ሆኖ፣ በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ ለኩ። ቡና ከሆነ ግማሽ ሰዓት ይለፈው፤ ሦስቱንም ጠጥታችሁ ከተነሳችሁ ደግሞ ሌላ ሰዓት ይሻላል። የመጀመሪያውን ቀን ጣሉት፤ የቀረውን አማካይ ውሰዱ። በቤት የተለካ አማካይ 135 በ85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛ ይባላል።

ክንድ ላይ የሚለጠፍ ሴንሰር ያላችሁ ጣት መውጋቱን መቀነስ ትችላላችሁ። ሴንሰሩ የሚለካው በሴሎች መካከል ያለውን ፈሳሽ ስለሆነ ከደሙ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ይዘገያል፤ ስኳር ቶሎ እየወረደ ሳለ በእሱ ብቻ አትወስኑ። በተኛችሁበት ክንድ ላይ ከሆነም ሌሊት የውሸት መውረድ ያሳያል።

ደረጃ 6፦ የሦስት ወሩን ከቤቱ ጋር አስተያዩ

የሁለቱ ወረቀቶች ጠብ የሚፈታው እዚህ ነው። የሦስት ወሩን ውጤት በ28.7 አባዙ፣ ከዚያ 46.7 ቀንሱ። የሚመጣው አማካይ ስኳር ነው፦

- 6 ከመቶ → 126
- 7 ከመቶ → 154
- 8 ከመቶ → 183
- 9 ከመቶ → 212

አሁን የ14 ቀኑን የቤት አማካይ አስሉ። ተቀራራቢ ከሆኑ ጥሩ፤ ካልሆኑ ከሁለት አንዱ ነው።

አንደኛው፣ የምትለኩት ሰዓት ነው። የአንድ ደንበኛዬ የጠዋት አማካይ 121 ነበር፤ የሦስት ወሩ ግን 8.4። ስናሰላው 194 ይመጣል። መለኪያው ዋሽቶ አልነበረም፤ ሰውየው በባዶ ሆድ ብቻ ነበር የሚለካው። ከእራት ሁለት ሰዓት በኋላ እንዲለካ ስነግረው ቁጥሮቹ 240ዎቹን ይረግጡ ጀመር። እራቱ ፓስታ፣ ከዚያም ቀጥታ እንቅልፍ ነበር። ላብራቶሪው የእራቱን ስኳር ያውቅ ነበር፣ ስልኩ ግን አልተጠየቀም።

ሁለተኛው፣ ደሙ ራሱ ነው። የብረት እጥረት ያመጣው ደም ማነስ የሦስት ወሩን ውጤት ከእውነቱ በላይ ሊያሳይ ይችላል። ቀይ የደም ሴል ቶሎ የሚሞትበት ሁኔታ፣ ብዙ ደም መፍሰስ፣ በቅርቡ ደም መውሰድ ወይም ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም በዘር ማነስ ደግሞ ወደ ታች ያወርደዋል፤ ሴሉ ስኳር ለመያዝ ጊዜ ስለማያገኝ። የደም ማነስ ወረቀቱን አምጡ ያልኩት ለዚህ ነው። የሰዓቱ ጉዳይ ተጣርቶ ልዩነቱ ካልጠፋ ሐኪሙን «ፍሩክቶሳሚን ይታይልኝ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ በሄሞግሎቢን ላይ ሳይንጠለጠል ያለፉትን ሁለት ሦስት ሳምንታት ያሳያል።

አንድ ነገር ልጨምር። የሦስት ወሩ ውጤት ሦስቱን ወር እኩል አይመዝንም፤ ግማሽ ያህሉ የመጨረሻው ወር ነው። ሁዳዴ ሲያልቅ የተሠራን ውጤት ከፋሲካ ሁለት ወር በኋላ ከተሠራ ጋር ስታነጻጽሩ ይህን አስቡ።

ደረጃ 7፦ የዘረመል ሪፖርት ካለ

ሪፖርቱ ብዙ ገጽ ይኖረዋል። «የመድኃኒት ምላሽ» የሚለውን ክፍል ብቻ ፈልጉ። «ለስኳር ያላችሁ ተጋላጭነት» የሚለውን ለጊዜው ዝለሉት፤ እነዚያ ስሌቶች በአብዛኛው የተሠሩት አውሮፓዊ ዘር ባላቸው ሰዎች መረጃ ስለሆነ በእኛ ላይ ትክክለኛነታቸው ይቀንሳል። ደግሞስ ስኳሩ ካለባችሁ ተጋላጭነቱ ምን ይሠራላችኋል?

ለእኛ የሚጠቅመው ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለው ነው። ይህ ዘረመል የሚሠራው የጉበት ኢንዛይም የሕመም ማስታገሻዎቹን ኮዴይንንና ትራማዶልን፣ የድብርትና የነርቭ ሕመም መድኃኒቱን አሚትሪፕቲሊንን፣ የግፊትና የልብ መድኃኒቱን ሜቶፕሮሎልን ያብላላል። ሪፖርቱ ሰውን ቀርፋፋ፣ መካከለኛ፣ መደበኛ ወይም እጅግ ፈጣን ብሎ ይመድባል። እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 ከመቶው የዚህ ዘረመል ተጨማሪ ቅጂ ነበራቸው፤ እጅግ ፈጣን የሚያደርገው ይህ ተጨማሪ ቅጂ ነው። እጅግ ፈጣን ሰው ኮዴይንን በፍጥነት ወደ ሞርፊን ስለሚለውጠው ትንፋሽ እስከማፈን ሊደርስ ይችላል፤ አገራችን እ.ኤ.አ. በ2015 ኮዴይንን ያገደችው በዚህ ነው። ውጭ አገር ያላችሁ ግን ኮዴይን ያለበት የሳል ወይም የሕመም መድኃኒት ሊታዘዝላችሁ ስለሚችል ለሐኪሙ ይህን ንገሩት።

ሪፖርቱን ከማመናችሁ በፊት አንድ ጥያቄ፦ «የቅጂ ብዛት ተቆጥሯል?» በምራቅ የሚሠሩ ብዙ ርካሽ ምርመራዎች ቅጂ አይቆጥሩም። ያልቆጠረ ምርመራ እጅግ ፈጣኑን ሰው «መደበኛ» ብሎ ያሳልፈዋል።

ከስማርት ሰዓቱ ጋር የሚገናኘው እንዲህ ነው። ሜቶፕሮሎል ስትጀምሩ ከመጀመራችሁ በፊት የአንድ ሳምንት የዕረፍት ጊዜ የልብ ምት ያዙ፤ ከጀመራችሁ በኋላ ደግሞ የሁለት ሳምንት፣ ከግፊቱ ጋር። ቀርፋፋ የተባለ ሰው መድኃኒቱ ስለሚከማችበት ምቱ ከሚገባው በላይ ሊወርድ ይችላል፤ ከ50 በታች ከሆነ ወይም ካዞራችሁ ደውሉ። እጅግ ፈጣን የሆነው ላይ መድኃኒቱ ቶሎ ሊወጣና ምቱ እምብዛም ላይቀየር ይችላል። መጠኑ የሚወሰነው ግን በምቱና በግፊቱ ነው እንጂ በሪፖርቱ ብቻ አይደለም። የምትወስዱት አቴኖሎል ከሆነ ይህ ሁሉ አይመለከታችሁም፤ እሱ የሚወጣው በኩላሊት ነው፤ ያኔ የምታዩት ወረቀት ክሬቲኒኑን ነው።

ዘረመሉ አይቀየርም፤ የኢንዛይሙን ሥራ ግን ሌላ መድኃኒት ሊያግደው ይችላል። ፍሉኦክሰቲን ወይም ፓሮክሰቲን የተባሉትን የድብርት መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው በወረቀት «መደበኛ» ቢሆንም በተግባር እንደ ቀርፋፋ ሊሆን ይችላል። የመድኃኒት ዝርዝሩ ከሪፖርቱ ጋር አብሮ የሚቀርበው ለዚህ ነው።

ደረጃ 8፦ አንድ ገጽ ሥሩ

ሐኪሙ ያለው ጥቂት ደቂቃ ነው። በአንድ ገጽ ከላይ ወደ ታች፦ ጥያቄያችሁ፤ የላብራቶሪ ውጤቶች ከነቀናቸውና መለኪያቸው፤ የ14 ቀኑ ጥንዶች አማካይ (ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት ለየብቻ)፤ ዝቅተኛውና ከፍተኛው ቁጥር፤ የግፊት አማካይ፤ የመድኃኒት ዝርዝር፤ ከዘረመሉ አንድ መስመር። ዝቅተኛውን ቁጥር በቀይ አክብቡ። አማካይ 150 የሆነ ሰው በመሃል 52 ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ አማካዩ ያንን ይደብቀዋል።

ደረጃ 9፦ ከለውጡ በኋላ

መድኃኒት ወይም አመጋገብ ከተቀየረ የሦስት ወሩን ምርመራ በሦስተኛው ሳምንት አታሠሩ፤ አሮጌዎቹ ሴሎች ገና በደማችሁ ስላሉ ገንዘባችሁን ነው የምታባክኑት። ለሦስት ወር ቀጠሮ ያዙ። እስከዚያ የተረፉትን 22 ስትሪፖች ችግር በታየበት ምግብ ላይ ብቻ ተጠቀሙባቸው።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

- *ጥሩውን ቁጥር ብቻ መጻፍ።* ዶክተሩ እንዳይቆጣ ብለው 260ውን የሚዘሉ አሉ። መለኪያው ግን በሆዱ ይዞታል፤ እኔ ስከፍተው አየዋለሁ።
- *በስማርት ሰዓት ኦክስጅን መተማመን።* በብርሃን የሚለኩ መሣሪያዎች በጠቆረ ቆዳ ላይ ከፍ አድርገው ሊያነቡ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት የሆስፒታሉ የጣት መለኪያ እንኳ የኦክስጅን እጥረትን በጥቁር ታካሚዎች ላይ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ በሚጠጋ ጊዜ እንደሳተው አሳይቷል። ትንፋሽ አጥሯችሁ ሰዓቱ 96 ቢል ትንፋሻችሁን እመኑ።
- *ውጤቱን ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ መልቀቅ።* የዘረመል ወረቀት የወንድምና የልጆቻችሁንም ጉዳይ ይናገራል። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ እ.ኤ.አ. የ2008ቱ የዘረመል አድልዎ ሕግ የጤና መድንንና ሥራን እንጂ የሕይወት መድንን እንደማይሸፍን እወቁ።
- *በሁለት መለኪያ እያቀያየሩ መመዝገብ።* የቤቱና የሥራ ቦታው መለኪያ በ20 ቢለያዩ ለውጡ ከሰውነታችሁ ይሁን ከዕቃው አይለይም።
- *መለኪያውን ቤት ጥሎ መምጣት።* ገጹ ቢኖርም ዕቃውን ከነስትሪፑ ይዛችሁ ኑ፤ ጊዜው ያለፈበትን ስትሪፕ ብዙ ጊዜ የማገኘው ያኔ ነው።